የጣና ዓሣና የሕዝብ ቆጠራ

በባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ ጣናን የሚመለከት ሰው «በዚህ ሐይቅ ስንት አምባዛ ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ውኃው ደርቆ ካልተቆጠረ በቀር መልስ የሚገኝ አይመስለውም። የስታቲስቲክስ ሳይንስ ግን መንገድ አለው። ከአንድ የሐይቁ ወሽመጥ 200 ዓሣ አጥምደን፣ ምልክት አድርገን መልሰን ለቀቅን እንበል። ከቀናት በኋላ 300 ዓሣ ስናጠምድ ምልክት ያለባቸው 30 ቢሆኑ፣ ቀድመን ያጠመድነው ከአሥር አንዱን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በወሽመጡ ወደ 2000 ዓሣ እንዳለ እንገምታለን።

ይኸው ስሌት ለሰውም ያገለግላል። ቻንድራሴካርና ዴሚንግ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት ጥናት በሕንድ ከምዝገባ ያመለጡ ልደቶችንና ሞቶችን ገምተውበታል። በሕዝብ ቆጠራ ረገድ የመጀመሪያው «ጥመድ» ቆጠራው ራሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቆጠራው በኋላ በዕጣ በተመረጡ ቦታዎች የሚካሄድ የማረጋገጫ ጥናት ነው። በጥናቱ ከተገኙት 1000 ሰዎች 950ው በቆጠራው መዝገብ ቢገኙ፣ የቆጠራው ሽፋን 95 በመቶ ነው እንላለን።

ጉዳዩ ለክልላችን እንግዳ አይደለም። የአማራ ክልል ሕዝብ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 13.8 ሚሊዮን ነበር። ለ1997 ዓ.ም. የተሰጠው ግምት 19.1 ሚሊዮን ቢደርስም፣ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ያገኘው 17.2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ልዩነቱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቷል፤ የፌዴራል ድጎማ፣ ትምህርት ቤትና ክትባት የሚታቀዱት በሕዝብ ቁጥር ነውና።

ስህተቱ ከቆጠራው ነው ወይስ ከግምቱ? ግምቱ እውነት እንዲሆን ሕዝቡ በየዓመቱ ወደ 3 በመቶ ማደግ ነበረበት፤ ቆጠራው የሚያሳየው ዕድገት ግን ወደ 1.7 በመቶ ነው። በሌላ በኩል ጉድለቱ ሁሉ የቆጠራው ከሆነ፣ ሽፋኑ ከ90 በመቶ በታች ነበር ማለት ይሆናል። እንግዲህ ክርክሩ በክልሉ ሊለካ ወደሚችል አንድ ቁጥር፣ ማለትም ወደ ቆጠራው ሽፋን ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ጥንቃቄ ይሻል። ከመጀመሪያው መረብ ያመለጠ ዓሣ ከሁለተኛውም የሚያመልጥ ከሆነ ግምታችን ከእውነቱ ያንሳል። ለሥራ ከቀዬው የራቀ የቀን ሠራተኛ፣ ቋሚ ቤት የሌለው ሕፃን፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይቆጠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለሆነም የማረጋገጫው ጥናት በሌሎች ባለሙያዎች፣ ከመጀመሪያው መዝገብ ተነጥሎ መሠራት ይኖርበታል።

በ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ዳግም ተራዝሟል። ቆጣሪዎች ወደ ጣና ደሴቶችና ቀበሌዎች በሚሠማሩበት ጊዜ ከውጤቱ ጋር የሽፋኑ መጠን አብሮ ቢታወጅ፣ የበጀት ደልዳዮች ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ሊያምኑት እንደሚገባም ያውቃሉ።