ዋጋ ቆራጩ ተፎካካሪ ሲሆን

አሜሪካ ውስጥ በግለሰቦች የተያዙ ፋርማሲዎች ለምን ይዘጋሉ ሲባል የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ትንሽ ሱቅ ከትልቅ ድርጅት ጋር በዋጋ መወዳደር ስለማይችል ከገበያ ይወጣል። ይህ መልስ ለመጻሕፍት መደብር ወይም ለጫማ ቤት ይሠራ ይሆናል። ለፋርማሲ ግን አይሠራም፤ ፋርማሲው የሚሸጠውን መድኃኒት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይወስንምና። ታካሚው ከኪሱ የሚያወጣው ድርሻ በኢንሹራንስ ውሉ ላይ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ቀሪውን የሚከፍለውም፣ ስንት እንደሚከፍል የሚወስነውም ሦስተኛ ወገን ነው። እኔ እስከሚገባኝ የግል ፋርማሲዎችን ያዳከማቸው ትንሽነታቸው አይደለም። ያዳከማቸው ይህ ከፋይ የራሱን ፋርማሲ ከፍቶ ተፎካካሪያቸው መሆኑ ነው።

ከፋዩ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፒቢኤም ይባላል፤ ሥራው የኢንሹራንስ ኩባንያዎችንና የአሠሪዎችን የመድኃኒት ወጪ ማስተዳደር ነው። መጀመሪያ ላይ የክፍያ ጥያቄ ተቀብሎ ከማስተናገድ ያለፈ ሚና አልነበረውም። ዛሬ ሦስቱ ትልልቅ ፒቢኤሞች የጤና መድንና የፋርማሲ ንግድን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዙ ግዙፍ ኩባንያዎች አካል ናቸው። የፋርማሲ ሰንሰለቱ ሲቪኤስ እ.ኤ.አ. በ2007 ኬርማርክ የተባለውን ፒቢኤም፣ በ2018 ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያውን ኤትናን ጠቀለለ። በዚያው በ2018 የኢንሹራንስ ኩባንያው ሲግና ሁለተኛውን ፒቢኤም ኤክስፕረስ ስክሪፕትስን ገዛ። ሦስተኛው ፒቢኤም ኦፕተም አርኤክስ የኢንሹራንስ ኩባንያው የዩናይትድ ሄልዝ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሐምሌ 2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እነዚህ ሦስቱ በ2023 በአገሪቱ ከተስተናገዱት የሐኪም ማዘዣዎች ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን ይዘዋል። ሦስቱም በፖስታ መድኃኒት የሚልኩ የራሳቸው ፋርማሲዎች አሏቸው።

ይህ በባንኮኒው ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል፤ በሰከንዶች ውስጥ ከፒቢኤሙ መልስ ይመጣል፦ ከታካሚው ይህን ያህል ተቀበል፣ እኛ ይህን ያህል እንከፍልሃለን። ከጅምላ አከፋፋይ በ950 ዶላር ላስገባው የስኳር መድኃኒት በድምሩ 920 ዶላር ይደርሰዋል እንበል። መድኃኒቱን ከሰጠ 30 ዶላር ይከስራል፤ የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ ገና አልተነካም። ካልሰጠ ደግሞ ታካሚውን መልሶ መስደዱ ነው፤ ያ ሰው የደም ግፊቱንና የኮሌስትሮሉን መድኃኒትም ይዞ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። እንደ ኦዜምፒክ ያሉ ውድ መድኃኒቶችን ማስገባት ያቆሙ የግል ፋርማሲዎች የበረከቱት በዚህ ስሌት ነው። ውሉን ልደራደር ቢል በተግባር ምርጫው መፈረም ወይም መተው ነው፤ ቢተው የአካባቢውን ደንበኛ ሲሶ ሊያጣ ይችላል። ስለ ትንንሾቹ የሚዋዋሉት ትልልቆቹ የጋራ ተደራዳሪ ድርጅቶች እንኳ በአብዛኛው የሦስቱ ጅምላ አከፋፋዮች፣ የማኬሰን፣ የሴንኮራና የካርዲናል ንብረት ናቸው።

ችግሩ የአቅም ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹ ባለብዙ ቅርንጫፍ ፋርማሲዎች ሊደላቸው ይገባ ነበር። ዎልግሪንስ ግን በጥቅምት 2024 በሦስት ዓመት ውስጥ 1,200 መደብሮችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ራይት ኤይድ ሁለት ጊዜ የኪሳራ ከለላ ጠይቆ በ2025 ከገበያ ወጣ። እርግጥ ራይት ኤይድ ከባድ ዕዳና የኦፒዮይድ ክሶች ነበሩበት፤ ውድቀቱን በሙሉ በፒቢኤሞች ላይ ማላከክ ልክ አይሆንም። ሲቪኤስም ቢሆን መደብሮችን ዘግቷል። የክፍያው መጥበብ ሁሉንም ነክቷል፤ ልዩነቱ ሲቪኤስ በባንኮኒው ያጣውን በሌላው ኪሱ መልሶ ማግኘት መቻሉ ላይ ነው። የግሉ ፋርማሲ ሌላ ኪስ የለውም።

የፒቢኤሞቹ ጠበቆች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፦ ብዙ ሚሊዮን ታካሚ ወክለን ስለምንደራደር የመድኃኒት ዋጋ እናስቀንሳለን ይላሉ። ከመድኃኒት አምራቾች ቅናሽ እንደሚያስገኙ አይካድም። ጥያቄው ቅናሹ ማን ጋ ይቀራል ነው። የኦሃዮ ግዛት በ2018 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ የሜዲኬይድን ሒሳብ ስታስመረምር ፒቢኤሞቹ ከመንግሥት ፕሮግራሙ በተቀበሉትና ለፋርማሲዎች በከፈሉት መካከል በአንድ ዓመት ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ተገኘ። ንግድ ኮሚሽኑም በጥር 2025 እንዳስታወቀው የሦስቱ ፒቢኤሞች እህት ፋርማሲዎች ከ2017 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ልዩ በሚባሉ ጄኔሪክ መድኃኒቶች ላይ ከመግዣ ዋጋቸው በላይ 7.3 ቢሊዮን ዶላር አግኝተዋል። ለጎረቤቱ ፋርማሲ ከመግዣ በታች የሚከፍል፣ ለራሱ ፋርማሲ ግን እጁ የሚዘረጋ ከፋይ ዋጋ አስቀናሽ ነኝ ሲል ማመን ያስቸግራል።

መድኃኒት በፖስታ ይመጣ የለ ወይ የሚሉም አሉ። ለዘወትር መድኃኒት ይሆናል። ሌሊት ትኩሳት ለያዘው ሕፃን አንቲባዮቲክ ግን ሦስት ቀን አይጠበቅም። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ አማርኛ ብቻ ለሚናገሩ እናቶችና አባቶች ደግሞ ኪኒኑ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ በራሳቸው ቋንቋ የሚነግራቸው ሰው ከመድኃኒቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። የአካባቢ ፋርማሲ ጥቅም በኮቪድ ጊዜም ታይቷል፦ ዌስት ቨርጂኒያ በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ የኮቪድ ክትባትን ለአረጋውያን መጦሪያዎች ስታደርስ በሲቪኤስና በዎልግሪንስ የሚካሄደውን ፌዴራላዊ ፕሮግራም ትታ በአካባቢ ፋርማሲዎች ተጠቀመች፤ ከአብዛኞቹ ግዛቶችም ቀድማ ጨረሰች።

መፍትሔው ላይ ግዛቶች የተለያየ መንገድ ሞክረዋል። ሰሜን ዳኮታ ከ1963 ጀምሮ ፋርማሲ በአብዛኛው በፋርማሲስቶች ባለቤትነት ሥር እንዲሆን ታስገድዳለች፤ በ2014 ሕጉ ይሻር የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሕዝቡ ሐሳቡን በድምፁ ጣለው። አርካንሶ በ2025 ፒቢኤሞች ፋርማሲ እንዳይኖራቸው ከለከለች፤ የፌዴራል ዳኛ አገደው። የአርካንሶን ቁጣ እረዳለሁ፤ ግን ክልከላው የሲቪኤስን መደብሮች በአንድ ጊዜ ዘግቶ የታካሚዎችን መንገድ ያስረዝም ነበር። ባለቤትነትን ከመንካት በፊት ክፍያውን ማስተካከል ይሻላል ባይ ነኝ፦ የመድኃኒቱ መግዣ ዋጋ በይፋ ከሚታተመው አማካይ ይወሰድ፣ በላዩም የፋርማሲስቱ ሙያ ክፍያ ተለይቶ ይታሰብ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 2020 ግዛቶች ይህን መሰል የክፍያ ወለል ማውጣት እንደሚችሉ ያለ ልዩነት ወስኗል።

ይህ የመድን ወጪውን ያንረዋል የሚል ስጋት ይነሳል። ዌስት ቨርጂኒያ በ2017 የሜዲኬይድ መድኃኒትን ከፒቢኤሞቹ እጅ አውጥታ ለእያንዳንዱ ማዘዣ 10.49 ዶላር የሙያ ክፍያ ለፋርማሲዎች መክፈል ጀመረች። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ ግዛቷ 54 ሚሊዮን ዶላር አትርፋለች።