የልጅዎ የልብ አልትራሳውንድ «የግራ ደም መልስ አለ» ሲል

ከራስና ከእጅ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ የሚገባው በደረት ቀኝ በኩል በሚወርድ አንድ ትልቅ ደም መልስ ነው። ጽንስ ሳለን ግን የዚህ ቧንቧ አቻ በግራም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመወለዳችን በፊት ይከስማል። ከ1,000 ሰዎች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ግን እንዳለ ይቀራል። ከልብ ችግር ጋር በተወለዱ ልጆች ላይ ደግሞ ከዚህ በላይ ያጋጥማል።

የግራው ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ደሙን የሚያፈሰው ከልብ ጀርባ ወዳለው፣ ኮሮናሪ ሳይነስ ወደሚባለው ደም መልስ ነው። ደሙ በዚያ በኩል ወደ ቀኙ የላይኛው የልብ ክፍል ስለሚደርስ ልጁ አይታመምም፤ ሕክምናም አያስፈልገውም። በጥቂቶች ላይ ግን ወደ ግራው የላይኛው ክፍል ይገባል። ያኔ ኦክስጅን ያነሰው ደም ከንጹሑ ጋር ይቀላቀላል፤ የልጁ ከንፈር ሊጠቁር፣ የረጋ ደምም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አያምም። የመጀመሪያው ፍንጭ የኮሮናሪ ሳይነስ ከወትሮው መስፋት ነው። ይህን ያየ ሐኪም መሣሪያውን ከደረት አጥንት በላይ፣ አንገት ሥር ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ አድርጎ፣ በግራ በኩል ቁልቁል የሚፈስ ደም መኖሩን በቀለም ዶፕለር ይፈትሻል። ጥርጣሬ ካለ በጨው ውኃ ይጣራል፦ ውኃው ጥቃቅን አረፋ እስኪይዝ ይናጥና በግራ እጅ ደም ሥር ይሰጣል። አረፋው ከቀኙ የላይኛው ክፍል በፊት ኮሮናሪ ሳይነስ ውስጥ ብልጭ ካለ ነገሩ ተረጋገጠ። በቀኝ እጅ ቢሰጥ ግን በቀኙ ቧንቧ ስለሚያልፍ የግራው ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ጉዳት የሌለውን ቧንቧ ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? አደጋው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በግራ አንገት የገባ የመድኃኒት ቱቦ በራጅ ላይ ባልተለመደ ቦታ ይታያል፤ ሐኪሙ ደም ቅዳ የወጋ ሊመስለው ይችላል። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜም የልብን ሥራ የሚተካው ማሽን ከዚህ ቧንቧ የሚመጣውን ደም መቀበል አለበት፤ አለዚያ ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራበትን ቦታ ደም ይሞላዋል።

ስለዚህ ውጤቱ ሲነገርዎ አይደንግጡ፤ ግን «ደሙ የሚገባው ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ?» ብለው ይጠይቁ። ወረቀቱን ከክትባት ካርዱ ጋር ያስቀምጡ፤ ልጅዎ ቀዶ ሕክምና ወይም የአንገት ቱቦ በሚያስፈልገው ጊዜ ሁሉ አስቀድመው ያሳዩ።