ባትሪው ከመወቀሱ በፊት

ከሁሉም ቀድሞ የሚፈረድበት ባትሪው ነው። ከላሊበላ በብልባላ በኩል፣ ወይም ከኮረም አቅጣጫ፣ ድንኳንና ማቀዝቀዣ ጭኖ ሰቆጣ ያደረ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ሾፌሩ አዲስ ባትሪ የት እንደሚሸጥ መጠየቅ ይጀምራል። ባትሪ ግን ጎተራ ነው፤ የሚሰጠው የገባበትን ብቻ ነው። አራሹ ሌላ ነው፤ እሱም በመማሪያ መጻሕፍት አልተርኔተር የሚባለው ዲናሞ ነው።

ዲናሞ ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ በቺንጊያ ይዞራል። ውስጡ የሚሽከረከረው መግነጢስ በዙሪያው ባለው የመዳብ ጥቅል ላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲፈስ ያደርጉታል፤ ሬጉሌተሩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው ክልል ይይዘዋል። መግነጢሱ ግን በራሱ አይነቃም፤ ሁለት ትንንሽ ካርቦኖች እየታከኩት ኤሌክትሪክ ያደርሱለታል። በብዙ የድሮ መኪኖች ይህ የመቀስቀሻ ጉልበት የሚያልፈው ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ቀይ የባትሪ መብራት በኩል ነው። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት ያ መብራት አለመብራቱ የጤና ምልክት አይደለም። አምፖሏ ተቃጥላ ከሆነ ዲናሞው ሳይነቃ ሊውል ይችላል።

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ተከዜ ሲወረድ ግን ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይቀንስና ሙቀቱ ይበረታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሃይሉክስና በሚኒባስ ላይ በሚገኙት የድሮ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኩም ፓምፕ የተገጠመው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ባትሪ አለመሙላቱ ትንሹ ጉዳይ ይሆናል፤ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ከዚያው ፓምፕ የሚያፈስ ዘይት ዲናሞው ውስጥ ገብቶ ካርቦኖቹን ሲያበላሽም ይታያል። በእኔ ግምት፣ ወደ ተከዜ ከመውረድ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጊያውን በአውራ ጣት መጫን አዲስ ባትሪ ከመግዛት ይበልጣል። ከመጠን በላይ የሚረግብ፣ ወይም ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ቺንጊያ ሩቅ አያደርስም።

ምርመራው አንድ ቮልት መለኪያ ይበቃዋል። ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ፣ 12.6 ቮልት ማለት ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ፤ ከ12 በታች ባዶ ለመሆን የተቃረበ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ከተነበበ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ጥያቄው ማን እየበላው ነው የሚለው ይሆናል። ዲናሞው ላይ 14.2፣ ባትሪው ላይ 13.2 ከታየ ግን ጥፋቱ ያለው በመካከላቸው ነው፦ አቧራና ንዝረት ያላላው ብሎን፣ ነጭ ዱቄት የሸፈነው የባትሪ መያዣ፣ ወይም ከሻንሲው ጋር የታሰረው ዝገት የበላው ገመድ። ዱቄቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይለቃል። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚለው የመንገድ ላይ ፈተና ግን ቢቀር ይሻላል፤ ቮልቱ በድንገት ዘሎ ዳዮዶቹን ሊያቃጥል ይችላል።

ለማቀዝቀዣ ተብሎ ከኋላ የሚገጠም ሁለተኛ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚራበው በቀጭን ገመድ ምክንያት ነው። ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ሲመለስ፣ 30 አምፔር ካለፈበት ወደ 0.9 ቮልት ይበላል። ባለ 25 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ኪሳራው 0.2 ብቻ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል የዲናሞውን ቮልት ሆን ብሎ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ቮልቱን መልሶ የሚያነሳ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋል።

በአማካይ ሁለት አምፔር የሚወስድ ማቀዝቀዣ በቀን 48 አምፔር-ሰዓት ይጨርሳል። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ተራ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመከራል። ስለዚህ ሰቆጣ አጠገብ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ለማየት መኪናውን አቁሞ የዋለና እዚያው ያደረ ሰው፣ በማግስቱ ሂሳቡ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ቆሞ ሞተር ማስነሳትም ብዙ አይፈይድም፤ ዲናሞ በዝቅተኛ ዙር የአቅሙን ከፊል ብቻ ይሰጣል፤ የአሲድ ባትሪም የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል።

የበጋ ፀሐይ ግን በዋግ ኽምራ አትሰስትም። ባለ 100 ዋት ፓነል በጠራ ቀን ወደ 30 አምፔር-ሰዓት ሊሰጥ ይችላል። ፓነሉን ጣሪያ ላይ ማሰር መኪናውን ፀሐይ ላይ ያውለዋል፤ ማቀዝቀዣውም ያን ያህል አብዝቶ ይሠራል። ተንቀሳቃሽ ፓነል በወፍራም ገመድ ወደ ውጪ ዘርግቶ መኪናውን ግራር ጥላ ሥር ማቆም ይሻላል።