ያለ መካኒክ በረሃን ማቋረጥ፤ ስለ ዳካር የሞተር ብስክሌት ውድድር

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ስፖርትን የሚሠሩ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ስፖርቱን ለእንጀራው ብሎ የያዘው ባለሙያ ነው። ሁለተኛው ግን ሌላ የዕለት ሥራ እያለው፥ ከደመወዙ እየቆጠበ፥ ለስፖርቱ ፍቅር ሲል ብቻ የሚወዳደረው አማተር ነው። ስለ ባለሙያዎቹ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ዘወትር ስለሚናገሩ እኔ የምጨምረው የለኝም። ስለ አማተሮቹ ግን የሚነገረው ጥቂት በመሆኑ፥ ከበረሃ ውድድሮች ሁሉ ይበልጥ የታወቀውን የዳካርን ራሊ በእነርሱ በኩል ተመልክቼ ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ለመግለጽ አስቤአለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

የውድድሩ አመጣጥ

በ1977 ቴሪ ሳቢን የሚባል አንድ ፈረንሳዊ ከአቢጃን ተነሥቶ ኒስ በሚደርሰው ውድድር ላይ በሞተር ብስክሌት ሲጓዝ፥ በሰሐራ በረሃ ውስጥ መንገዱ ጠፋበት። ተፈልጎ ከሞት ከተረፈ በኋላ በረሃውን ይጠላዋል ሲባል ጭራሽ ወደደው፤ ሌሎች ሰዎችም እርሱ ያየውን እንዲያዩ በማሰብ አዲስ ውድድር አቋቋመ።

ዲሴምበር 26 ቀን 1978 የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች ከፓሪስ ተነሡ። በአልጄሪያ፥ በኒጄር፥ በማሊና ያን ጊዜ ላይኛው ቮልታ ይባል በነበረው በዛሬው ቡርኪና ፋሶ አድርገው 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ውድድሩን ፈጸሙ። ከፓሪስ የተነሡት ተሽከርካሪዎች 182 ሲሆኑ ዳካር የደረሱት 74 ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሞተር ብስክሌትና መኪና በአንድነት ይቆጠሩ ስለ ነበር፥ ሲሪል ኔቩ የተባለው ወጣት ፈረንሳዊ በያማሃ ሞተር ብስክሌት መኪኖቹን ሁሉ በልጦ አንደኛ ወጣ።

ሳቢን ራሱ በጃንዋሪ 1986 ውድድሩን ሲመራ ማሊ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ፤ ውድድሩ ግን ቀጠለ። በ2008 በሞሪታኒያ ላይ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ከ2009 እስከ 2019 ድረስ በደቡብ አሜሪካ ሲካሄድ ቆይቶ፥ ከ2020 ጀምሮ ከቀይ ባሕር ማዶ ወዳለው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ በረሃ ተዛወረ። እንግዲህ ዛሬ ውድድሩ ዳካር ባይደርስም የዳካር ስም አልተለየውም።

የቀኑ ጉዞ

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። የእያንዳንዱ ቀን ጉዞ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል ተወዳዳሪው ከሰፈሩ ተነሥቶ ወደ መነሻው የሚደርስበት ወይም ከመድረሻው ወደ ሰፈሩ የሚመለስበት ተራ መንገድ ሲሆን፥ በዚህ ላይ የሚሽቀዳደም የለም። ሁለተኛው በሰዓት የሚለካው እውነተኛው ውድድር ነው። ይህም በአሸዋ ኮረብታ፥ በድንጋያማ ሜዳና በደረቅ ወንዝ ውስጥ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

በበረሃው ውስጥ መንገድ የሚያሳይ ምልክት አልተተከለም። ተወዳዳሪው የሚመራው ቀድሞ በጥቅል ወረቀት፥ አሁን ደግሞ በመሪው ላይ በታሰረ ስክሪን በሚነበብ የመንገድ መግለጫ ነው። በዚያ ላይ ርቀቱ በኪሎ ሜትር፥ አቅጣጫው በኮምፓስ ዲግሪ፥ የመንገዱ ቅርጽ በትንሽ ሥዕል ተጽፎ ይገኛል። አደገኛ ስፍራ በቃል አጋኖ ይመለከታል፤ አንድ ከሆነ ተጠንቀቅ ማለት ነው፥ ሦስት ከሆነ ግን ሕይወትህን ጠብቅ ማለት ነው። ስለዚህ ጋላቢው እየቆመና እየተቀመጠ ሞተሩን መንዳት ብቻ ሳይሆን፥ በዚያው ሰዓት ማንበብና ማስላትም አለበት። የሒሳብ መምህራችን የማዕዘን ትምህርት ምን ይጠቅማል ለሚሉት ተማሪዎች ይህን ምሳሌ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ በሜዳው ላይ የጥቂት ዲግሪ ስሕተት ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ ሰውየውን ፈጽሞ ወደ ሌላ ሸለቆ ያደርሰዋልና።

ከ2011 ጀምሮ የሞተሮቹ ጉልበት ከ450 ሲሲ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ የተደረገው ፍጥነቱን ለመቀነስና አደጋውን ለማሳነስ ነው። ቤንዚን የሚቀዳው በግምት በየ250 ኪሎ ሜትሩ ሲሆን፥ ጋላቢው በዚያ ጥቂት ደቂቃ ዐርፎ ውኃ ይጠጣል። በጀርባውም የመጠጥ ውኃ ይሸከማል፤ በልብሱ ውስጥ ሲወድቅ በአየር ተነፍቶ ደረቱንና ጀርባውን የሚጠብቅ መከላከያ እንዲለብስ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

የሌሊቱ ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እመጣለሁ። ሰው ሁሉ ውድድሩ በቀን የሚደረግ ይመስለዋል። ለአማተሩ ግን ውድድሩ የሚፈረደው ማታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የትልቅ ፋብሪካ ጋላቢ ወደ ሰፈር ሲደርስ ሞተሩን ለመካኒኮቹ አስረክቦ ይታጠባል፥ ይበላል፥ ሰውነቱ ይታሻል፥ ይተኛል። ጠዋት ሲነሣ ሞተሩ እንደ አዲስ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከአማተሮቹ መካከል ግን መካኒክም ረዳትም ሳይኖራቸው የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። በፈረንሳይኛ የክፍላቸው ስም «ማል ሞቶ» ሲሆን፥ ማል ማለት ሳጥን ነው። ይህ ስም የተሰጣቸው አዘጋጆቹ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያጓጉዙላቸው አንድ የዕቃ ሳጥን፥ ድንኳን፥ የመኝታ ከረጢትና ትርፍ ጎማ ብቻ በመሆኑ ነው። የቀረውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ይሠሩታል። በእነርሱ ላይ ያለው ሕግ ጥብቅ ነው፤ ከውድድሩ ውጭ ያለ ሰው ካቻቢቴ እንኳ ይዞ ሊረዳቸው አይችልም። እርስ በርሳቸው ግን ሊረዳዱ ተፈቅዶላቸዋል።

ታላቅ ወንድሜ የሞተር ብስክሌት ጥገና ሥራ ስላለው፥ በክረምት ዕረፍት ከእርሱ ጋር እየሠራሁ ይህ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በመጠኑ ለማወቅ ችያለሁ። አንድ የሳጥን ጋላቢ በየማታው ቢያንስ የሚከተለውን መፈጸም አለበት።

1ኛ/ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ማጽዳት ወይም መለወጥ። የበረሃ አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ስለ ሆነ፥ ወደ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

2ኛ/ የሞተሩን ዘይት መለወጥና ካቴናውን መመርመር።

3ኛ/ ጎማ መቀየር። የእነዚህ ሞተሮች ጎማ በአየር የሚሞላ አይደለም፤ በውስጡ እንደ ስፖንጅ ያለ ወፍራም ጎማ ተጠቅጥቆ ይገባበታል። በዚህ ምክንያት እሾህና ድንጋይ ቢወጋውም አይተነፍስም፤ ነገር ግን በሙቀትና በፍጥነት ብዛት ከውስጥ ይፈራርሳል። እርሱን በብረት እየፈለቀቁ ማውጣትና ሌላ ማስገባት ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነው። በወንድሜ ቤት ተራውን ጎማ እንኳ ለሁለት እየታገልን የምናወልቅበት ቀን አለ። እርሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ከዋለ በኋላ፥ በግንባሩ ላይ ባሰራት መብራት ብቻውን ይሠራዋል።

4ኛ/ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፈተሽ። በንዝረት ብዛት ያልላላ ብሎን አይገኝምና።

5ኛ/ መብላት፥ ቁስሉን ማሰርና መተኛት።

አንባቢ ሆይ፥ አምስተኛው በመጨረሻ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ሥራውን ዘግይቶ ይጀምራል፤ ሥራውን ዘግይቶ የጀመረ ጥቂት ይተኛል፤ ጥቂት የተኛ በማግስቱ ምልክቱን አሳስቶ ያነባል፥ ይወድቃል፥ የወደቀም ከትናንቱ ይልቅ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ ዓይነት ድካም ድካምን እየወለደ፥ ከሳምንት በኋላ ሰውየውን ከውድድሩ ያስወጣዋል። የሚያስወጣው አንድ ትልቅ አደጋ ብቻ እንዳይመስለን፤ ተጠራቅሞ የቆየ የእንቅልፍ ዕዳም ያስወጣዋል። ስለዚህ ብልኅ አማተር ጠዋት ላይ በፍጥነት ከሚያገኘው አምስት ደቂቃ ይልቅ፥ ሳይወድቅ በመድረስ ማታ የሚያተርፈውን አንድ ሰዓት ይመርጣል።

በ2024 አዘጋጆቹ ይህን ችግር ለባለሙያዎቹም በመጠኑ አቀመሷቸው። ሁለት ቀን በፈጀው አንድ የውድድር ክፍል ላይ፥ ከቀኑ በ10 ሰዓት ሁሉም በቅርብ ወዳገኘው ትንሽ ሰፈር ገብቶ እንዲቆም፥ ያለ መካኒክ በድንኳን እንዲያድርና በማግስቱ ከዚያው እንዲቀጥል አዘዙ። በዚያች ሌሊት ታላቁም ታናሹም ጋላቢ በአንድ አሸዋ ላይ ተኛ።

ሦስት ጓደኛሞች በ2006

ስለ አማተር ቡድን ዕድል ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ2006 ከሊዝበን እስከ ዳካር የተደረገው ውድድር ነው። ቻርሊ ቦርማን የተባለው ተዋናይ፥ ሳይመን ፔቪና ማት ሆል የሚባሉ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ በቢ ኤም ደብልዩ ሞተሮች ተሰለፈ። እነዚህ ሰዎች ረዳት መኪናና መካኒክ ስለ ነበራቸው የሳጥን ጋላቢዎች አልነበሩም፤ ዓላማቸው ግን እንደ ማንኛውም አማተር ማሸነፍ ሳይሆን መድረስ ነበር። ቦርማን ከሁለት ዓመት በፊት ከሎንዶን እስከ ኒው ዮርክ ዓለምን በሞተር የዞረ ሰው ነው። ሆኖም በአምስተኛው ቀን ሞሮኮ ውስጥ ወድቆ እጆቹ ስለ ተጎዱ ውድድሩን አቆመ። ማት ሆልም ከመድረሻው በፊት ቀረ። ዳካር የገባው ሳይመን ፔቪ ብቻ ነው።

ፔቪ ማን ነው ቢባል፥ በዌልስ አገር ሞተር ብስክሌትን ከአስፋልት ውጭ መንዳት የሚያስተምር መምህር ነው። ዳካርንም ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር። ከሦስቱ መካከል የደረሰው ስሙ በዓለም የገነነው ሳይሆን፥ በረሃውን ያወቀው መምህሩ መሆኑን ልብ ይሏል። ይኸው ሰው በ2015 ከገዛ ልጁ ጋር ተሰልፎ፥ በደቡብ አሜሪካ አባትና ልጅ ሁለቱም መድረሻውን አግኝተዋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አባቴ ስለ ምን እንደምጽፍ ጠይቀውኝ ከነገርኳቸው በኋላ፥ «ሰው የቤት መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ አውጥቶ አሸዋ ላይ ሊንከባለል የሚሄደው ምን አጥቶ ነው?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በዝምታም ማለፍ አይገባኝም።

በመጀመሪያ አባቴን የሚደግፈውን እውነት መናገር አለብኝ። ከላይ ባነሣሁት በ2006ቱ ውድድር አንዲ ካልደኮት የተባለው አውስትራልያዊ ጋላቢ በሞሪታኒያ በረሃ ወድቆ ሞተ። እርሱ አደጋውን አውቆ የገባ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያው ውድድር፥ አንዱ በጊኒ ሌላው በሴኔጋል፥ ሁለት ሕፃናት በተሽከርካሪዎች ተገጭተው ሞተዋል። እነርሱ ስማቸውን ለውድድር ያስመዘገቡ አልነበሩም፤ በገዛ መንደራቸው መንገድ ዳር የነበሩ ልጆች ናቸው። የእኛም አገር ልጆች መኪና ሲያልፍ ሮጠው ወደ መንገድ እንደሚወጡ ስለማውቅ፥ ይህን ባነበብኩ ጊዜ በጣም አዘንኩ። በረሃ ባዶ አይደለም፤ እረኛም ግመልም ሕፃንም አለበት። በመንደር ውስጥ ፍጥነቱን የማይቀንስ ጋላቢ፥ አንደኛ ቢወጣ እንኳ በእኔ ግምት አልደረሰም።

የሆነ ሆኖ ለአባቴ የምሰጠው መልስ አለኝ። የሳጥኑ ጋላቢ ሽልማት እንደማያገኝ አስቀድሞ ያውቃል። በሌሊት ብቻውን ሲሠራ የሚያጨበጭብለት የለም። ሆኖም የጎረቤቱ ፊልትሮ ቢያልቅ ከሳጥኑ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው ቢያይ ቆሞ ያነሣዋል። ከእንደዚህ ያለ ሰው የምንማረው የሞተርን ፍጥነት ሳይሆን፥ ሥራን በጊዜው መፈጸምን፥ የራስን ኀይል ለክቶ ማወቅንና ተቀናቃኝን እንደ ወንድም መቍጠርን ነው። ይህን ስነግራቸው አባቴ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እዚሁ ወንድምህ ዘንድ ተማረው፤ አሸዋው ይቅርብህ» አሉኝ። እኔም ለጊዜው በዚህ ተስማምቻለሁ።

ወገኖቼ ተማሪዎች ሆይ፥ አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የበረሃው ጋላቢ መቀነቱን የሚያጠብቀው ማታ በሰፈር፥ በትንሽ መብራት፥ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ነው። የእኛም የመልቀቂያ ፈተና የሚፈረደው በፈተናው ጠዋት ሳይሆን ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶች ነው። ስለዚህ ብሎኖቻችንን ከአሁኑ እንፈትሽ፤ ፊልትሮ ያለቀበት ጓደኛም ቢኖር ከሳጥናችን እናካፍለው።