ቡሃቃው ውስጥ የተቆለፈው ብረት

በሰሜን ወሎዋ ቆቦ የአንድ ቤት እርሾ ሲበላሽ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል። «እትዬ፣ እማዬ እርሾ ስጪኝ ብላለች» ይላል። ባለቤቲቱም ሊጡ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ በጣሳ ቀድታ ትሰጠዋለች። በዚያች ጣሳ ውስጥ ዓይን የማያያቸው እልፍ አእላፍ ሠራተኞች አሉ። ምን እንደሚበሉና በምን እንደሚሠሩ ማወቅ ለራያ ቆላ ቤተሰብ የጤና ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእህሉ ውስጥ ካለው ብረት ምን ያህሉ ከሕፃን ደም እንደሚደርስ በብዙ መንገድ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

የራያ ቆቦ ሜዳ በማዕድን የሚታማ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎሊናና ሆርማት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ደለል ይዘው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ላይ ያስተኛዋል። ተራራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ደለሉ ብረት አያጣም። ጤፉ ደግሞ አውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲወቃ አፈር ይይዛል። የጤፍ የብረት መጠን ከናሙና ናሙና እጅግ የሚለያይበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ከአፈር የመጣ ብረት ግን አንጀት ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን ታስሮ ነው የሚገኘው።

የሚያስረው ፋይቴት ይባላል። እህል ለሚበቅለው ዘር ስንቅ ሲያስቀምጥ ከፎስፈረሱ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን በዚህ ውህድ ቋጥሮ ያኖረዋል። ፋይቴት ታዲያ ፎስፈረስ ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ብረቱን፣ ዚንኩን፣ ካልሲየሙን አጥብቆ ይይዛል። ያልቦካ ቂጣ ስንበላ አብዛኛው ቋጠሮ ሳይፈታ ገብቶ ሳይፈታ ይወጣል።

ቋጠሮውን የሚፈታው ፋይቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአመራረቱ ነገር ነው። ብዙ ሻጋታዎችና እርሾዎች ፋይቴዝን በብዛት የሚሠሩት ፎስፈረስ ሲርባቸው ነው። በአካባቢያቸው የተፈታ ፎስፈረስ ሞልቶ ከተረፈ ሥራውን ያቆማሉ፤ ሲያጡ ግን ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ይልኩና የታሰረውን ፈትተው ይመገባሉ። ብረቱና ዚንኩ ነፃ የሚወጡት እንግዲህ ለእኛ ታስቦ ሳይሆን ረቂቁ ተሕዋስ ለራሱ ረሃብ ሲል ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎችም ከሻጋታ ፋይቴዝ እያመረቱ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሳማና ለዶሮ መኖ ሲሸጡ ኖረዋል።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ያለ ብረታ ብረት አይሠሩም። ስታርችን ወደ ስኳር የሚቆርጠው አሚሌዝ ቅርጹን የሚጠብቀው በካልሲየም ነው። እርሾዋ አልኮል የምትሠራበት ኢንዛይም በመሐሉ ዚንክ አለው። ስኳር ሲሰባበር በበርካታ ደረጃዎች ማግኒዥየም ያስፈልጋል። ሊጡን የሚያኮመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ግን ለየት ይላሉ። ምድር ላይ ያለ ሕይወት ከሞላ ጎደል ሁሉ ብረት ሲሻ፣ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ያለ ብረት ለመኖር እምብዛም አይቸገሩም። ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የተባለው በብረት ፋንታ ማንጋኒዝ በገላው ያከማቻል፤ ከኦክስጅን ጉዳት የሚከላከለውም በእሱ ነው። ማንጋኒዝ በእህል ውስጥ አይጠፋም። እነዚህ ባክቴሪያዎች በዱቄት ውስጥ እንደ ቤታቸው የሚመቻቸው በከፊል በዚህ ይመስለኛል፤ ሰው የሚሻውን ብረት ሳይሻሙ ያቦካሉና።

አሲዱም የራሱ ድርሻ አለው። ዱቄትና ውሃ ገና ሲደባለቁ ፒኤቹ (ሊጥ ሲኮመጥጥ የሚቀንሰው የአሲድነት መለኪያ) 6 ገደማ ነው፤ የእህል ፋይቴዝ ደግሞ አጥብቆ የሚሠራው 5 አካባቢ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሊጡን ሲያኮመጥጡ ለኢንዛይሙ ያመቻቹለታል። በጣም ከኮመጠጠ ደግሞ እሱም ይደክማል። ቆላ ላይ በሙቀቱ ምክንያት ሊጥ ቶሎ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ቤትም ቸኩሎ አፍለኛ እንጀራ ይጋግራል። ጣዕሙ ይጣፍጥ እንጂ ኢንዛይሙ ገና ሥራው ላይ ሳለ ምጣድ ላይ ይሞታል። በዚህ ነገር መቸኮል አይገባም እላለሁ፣ በተለይ የሚጠባ ወይም ጡት የጣለ ሕፃን ባለበት ቤት።

እንጀራው የማሽላ ሲሆን ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። በተለይ ቀይ ማሽላ ታኒን ይበዛበታል፤ ታኒን ብረትን ይይዛል፣ ኢንዛይሞችንም ያዳክማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ካሌብ ባዬ ከባልደረቦቹ ጋር በሰሜን ወሎ ሕፃናት አመጋገብና በእንጀራ መቡካት ላይ ጥናቶች አሳትሟል። መቡካት ፋይቴትን ክፉኛ እንደሚያፈርስ፣ ፋይቴቱ ከፈረሰ በኋላም ግን እንደ ታኒን ያሉት ፖሊፊኖሎች ብረቱን ይዘው እንደሚያስቸግሩ አይተዋል። ስለዚህ መቡካት ብቻውን አይበቃም፤ የእህሉም ምርጫ ያስፈልጋል።

ስንዴና ገብስ ከማሽላና ከጤፍ የበለጠ ፋይቴዝ በራሳቸው ውስጥ አላቸው። ማሽላን ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ደባልቆ ማቡካት በወሎ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶች የሚያደርጉት እንጀራው እንዳይደርቅና እንዳይፈረካከስ ነው። ገብሱ ግን ወደ ቡሃቃው ሲገባ ኢንዛይሙንም ይዞ ይገባል፤ ማታ ተቦክቶ የተከደነው ሊጥ፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ፣ ማሽላው የቋጠረውን እየፈታ ያድራል።