የሙያ ችሎታ በምን ይለካል?

ባቡር ከአገር ወደ አገር እንዲያልፍ የሁለቱ አገሮች ሐዲድ ስፋቱ እኩል መሆን አለበት። ካርቱም የሚገባው የቆየው የሱዳን ሐዲድ ስፋቱ 1,067 ሚሊ ሜትር ሲሆን የግብፅ ግን 1,435 ነው። ስለዚህ ሐዲዶቹ ቢቀጣጠሉ እንኳ የካይሮ ባቡር ሱዳን ሊዘልቅ አይችልም። የሙያ ችሎታም የጋራ መለኪያ ካልተበጀለት እንደዚሁ ከድንበር ላይ ይቆማል።

እ.ኤ.አ. በ1950 ካርቱም ውስጥ የተከፈተው የቴክኒክ ተቋም በ1990 የሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቅቷል። በኤፕሪል 2023 በከተማይቱ ጦርነት ሲነሣ ግን ብዙ ሰዎች ተሰደዱ፤ በመተማ በኩል ወደ እኛ አገር የገቡም አሉ። ከእነዚህ መካከል ዲፕሎማውን ጥሎ የወጣ የኮምፒዩተር ቴክኒሽያን ቢኖር ችሎታውን በምን እናውቃለን? «ቴክኒሽያን ነኝ» ማለቱ አይበቃም። ሲሠራ ማየት ያሻል። ይህም የሚሆነው ሥራው ምን ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ በዝርዝር ከተጻፈ ነው። ለሥራ ደረጃ ማውጣት የሚባለውም ይኸው ነው።

ኮምፒዩተሮችን የሚያገናኘውን ገመድ እንውሰድ። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ነጭና ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቡናማ፣ ቡናማ ነው። (ሌላም የተፈቀደ አደራደር አለ፤ ዋናው ነገር የገመዱ ሁለት ጫፎች መመሳሰላቸው ነው።) ካርቱም የተማረውም ጎንደር የተማረውም የሚደረድሩት በዚሁ ዓይነት ስለሆነ ፈታኙ ዐረብኛ ባያውቅ እንኳ ገመዱን በመሞከሪያ መርምሮ ሊፈርድ ይችላል።

ፕሮግራም ጸሐፊን መመዘን ግን ከዚህ ይከብዳል። የጻፈውን መስመር መቁጠር ከንቱ ነው፤ በመቶ መስመር የሚያልቀውን በሺህ መስመር ያንዛዛው ሊሸለም ነውና! ከዚህ ይልቅ ስሕተት ያለበት ፕሮግራም ተሰጥቶት ስሕተቱን ፈልጎ ቢያርም፣ ያረመበትንም ምክንያት ቢያስረዳ፣ ሌላው ባልደረባ አንብቦ ሊቀጥለው በሚችል አኳኋን ቢጽፈው ችሎታው ይታያል።

በአገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ መንገዱን ከፍቷል። በዚህ መሠረት ሙያው የተገኘው በትምህርት ቤትም ይሁን በሥራ ላይ፣ ተመዛኙ በወጣው የሙያ ደረጃ በጽሑፍና በተግባር ይፈተናል። የሚሰጠውም ውጤት «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት «ገና» የምትለው ቃል ትልቅ ቁም ነገር አላት፤ የወደቀው ሰው የጎደለውን ተምሮ እንደገና መቅረብ ይችላልና።

በክፍላችንም ይህን መሞከር አያዳግትም። ተማሪው ስለ ገመዱ በቃሉ ያጠናውን እንዲጽፍ ከማድረግ ይልቅ ገመዱን ሰጥተን እንዲያገናኝ፣ ጓደኛው ደግሞ በተጻፈው ዝርዝር እያንዳንዱን ነጥብ ተከታትሎ እንዲመዝነው እናድርግ።