«ጉዱ» የሚለው ቃልና የካሳ ብቸኝነት

አንድን ገፀ ባህሪ ከሌላው ሁሉ የተለየ አድርጎ ለማቅረብ የፈለገ ጀማሪ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው «ልዩ»፣ «ድንቅ»፣ «ወደር የሌለው» ወደሚሉት ቅጽሎች ነው። እነዚህ ቃላት ለማንም ስለሚስማሙ ማንንም አይለዩም። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለኅትመት ባበቁት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ «ጉዱ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ ስለ ሰዋስው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ስም ቅጽል ሲቀድመው፣ የታወቀውን ነገር የሚያመለክተው «-ኡ» የሚለጠፈው በስሙ ላይ ሳይሆን በቅጽሉ ላይ ነው። ለምሳሌ ፍለጋ ከምኖርበት ከጉለሌ መውጣት አያሻኝም፤ ወደ ጎጃም በሚያወጣው መንገድ ላይ ያለው ሰፈር «አዲሱ ገበያ» ይባላል። አዲስነቱ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሆኖም የታክሲ ረዳት ስሙን ሲጠራ «የትኛው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «አዲስ ገበያ» ቢባል ግን ማንኛውም ገበያ ሊሆን ይችላል።

ወደ ካሳ ስንመለስ ነገሩ ይጠልቃል። «ካሳ» የተጸውዖ ስም ነውና ሰውየውን ለይቶ ለማወቅ «-ኡ» አያስፈልግም ነበር። ታዲያ ለምን መጣ? ቅጥያው ከሰውየው ይልቅ የሚናገረው ስለ ጠሪዎቹ ነው፤ አስቀድሞ ብዙ የተወራበት፣ «ያ ጉድ» ሲባል ዲማ ሁሉ የሚያውቀው ሰው መሆኑን። አንባቢው ሰውየውን ከማወቁ በፊት የአገሬውን ፍርድ ይሰማል።

የቃሉ ምርጫም ሊጤን ይገባዋል። «ጉደኛው ካሳ» ቢባል ኖሮ ጉድ ከሚሠሩት አንዱ በሆነ ነበር፤ «-ኛ» መደብ ያበጃልና። «ጉድ» ግን ስም ነው፤ ካሳን ጉድ የሚሠራ ሰው ሳይሆን ራሱን ጉዱን ያደርገዋል። ከዚህም በላይ «ጉዱ ወጣ» ስንል «-ኡ» የባለቤትነት ምልክት ነው። እንግዲህ «ጉዱ» የማን ጉድ ነው? የዘርና የማዕረግ ሥርዓቱን በአደባባይ የሚነቅፈው ካሳ፣ የአገሩን ጉድ የሚያወጣ ጉድ ነው ብሎ ማንበብ የሚቻል ይመስለኛል። ተራኪው ቃሉን ከዲማ ሰዎች አፍ ተውሶ እስከ መጨረሻው ሲጠቀምበት አያርመውም፤ ፍርዱ ቀስ በቀስ ወደ ፈራጆቹ የሚዞረው በአንባቢው ልብ ውስጥ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ቅጽል ስሙን የደራሲው ንቀት አድርገው የሚወስዱት ይህን ሳያጤኑ ነው።

ወጋየሁ ንጋቱ ልቦለዱን በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ስሙ መጽሐፉን ላላነበበውም ደርሷል። በሰፈሬ የዕድር ስብሰባ ላይ ከብዙኃኑ የተለየ ሐሳብ ያቀረበ ሰው በዚሁ ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ። «ጉዱ» ብቻውን ወደ ሌላ ስም ሲሻገር ግን አልሰማሁም፤ ሰውየው በቀለ ቢሆንም የሚባለው «ጉዱ ካሳ» ነው።